እባቤ አልበላም አለ፤ ምን ይሻላል?

በማኅበራዊ ሚዲያ ከዓመት ዓመት የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ዘንዶ ታሳድጋለች። ዘንዶው ድንገት ምግብ ያቆማል። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ እየወጣ ከጎኗ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ጨንቋት ሐኪም ጋ ስትወስደው «እየለካሽ ነው፤ አንቺን ለመዋጥ ሆዱን ባዶ እያደረገ ነው» ይላታል። ሴትዮዋ አንዴ የአንዱ አገር ሰው ናት፣ አንዴ የሌላው። ፎቶውም ይቀያየራል።

ታሪኩ ውሸት ነው። ዘንዶ የሚያድነውን እንስሳ በቁመት አይለካም። አድፍጦ ይጠብቃል። የሚሞቅ ነገር አጠገቡ ሲያልፍ ይነክሳል፣ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ለመዋጥ ይሞክራል። ካልሆነለት ይተወዋል። ለመዋጥ የሚያስቸግረውም ቁመት ሳይሆን ውፍረት ነው። ጎን ለጎን ተኝቶ የሚያውቀው ነገር የለም።

ታሪኩ ውስጥ አንድ እውነት ግን አለ። እባብ በእርግጥም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አልበላም ሊል ይችላል። ይህ ደግሞ አሳዳጊውን ያስጨንቃል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ ለሚኖር አሳዳጊ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚባልበት አገር ስለ እባብ አመጋገብ የሚጠየቅ ጎረቤት ከየት ይመጣል? የሚገኘው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጣለው» ነው። ሌላው «ወተት ስጠው»።

ሁለተኛውን ቶሎ እንለፈው። ወተት የእባብ ምግብ አይደለም። እባብ ከላም ጡት ይጠባል የሚባለውም እውነት አይደለም። ጥርሱ የሾለና ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ የትኛዋ ላም ትችለዋለች? አፉም ለመጥባት አልተሠራም። በጣም የተጠማ እባብ የቀረበለትን ፈሳሽ ሁሉ ሊጎነጭ ይችላል። ሆዱ ግን የተሠራው ለሥጋና ለአጥንት ነው። የሚያስፈልገው መጠጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

ሳይበላ ስንት ጊዜ ይቆያል?

እኛ ከምንበላው ምግብ ትልቁን ክፍል የምናቃጥለው ሰውነታችንን 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ነው። እባብ ይህ ወጪ የለበትም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው፤ ከፀሐይ፣ ከሞቀ ድንጋይ፣ ከመሬት። ስለዚህ ትንሽ ምግብ ረጅም ጊዜ ያቆየዋል። ያደገ የቤት ፓይተን፣ ማለትም የዘንዶ ወገን የሆነ እባብ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ አይጥ ቢበላ ይበቃዋል። ገና የሚያድግ ትንሽ እባብ ግን በሳምንት አንዴ ገደማ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት በታይላንድና በቬትናም የዘንዶ እርባታዎች ላይ የተደረገ ነበር። አንዳንዶቹ ዘንዶዎች እስከ 127 ቀን ሳይበሉ ቆይተው የቀነሱት ክብደት በጣም ጥቂት ነበር። 127 ቀን ማለት ከሁለት ሁዳዴ በላይ ነው፤ ያውም ማታ የሚፈሰክበት የሌለው።

እንዴት ቻሉ? የዘንዶን ሆድ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ አስቡት። ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል። ስለዚህ ማንም ሰው ቀኑን ሙሉ ሰክቶ አይተወውም፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ብቻ ይሰካል። ዘንዶም ምግብ በማይኖርበት ጊዜ ሆዱን ያጠፋዋል። አንጀቱ ይሳሳል፣ የጨጓራው አሲድ ይቀንሳል። ሲበላ ሁሉም ነገር እንደገና ይነሳል። በበርማ ፓይተን ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከትልቅ ምግብ በኋላ የልቡ ጡንቻ በ48 ሰዓት ውስጥ 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ሁሉ የምግቡን ሥራ ለመሸከም ነው።

ይህን ምጣድ አትርሱት። ሊጥ የሚፈስበት ምጣዱ ሲግል ነው። ባልጋለ ምጣድ ላይ ሊጥ የሚያፈስ ሰው ሊጡን አበላሸ እንጂ እንጀራ አልጋገረም። እባብ ደግሞ ይህን ያውቃል።

የእኔ ለምን እምቢ አለ? ብርዱ ይሆን?

ብዙ ጊዜ አዎ። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ እንመጣባቸዋለን። አዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ብርድ ነው።

ቦል ፓይተን የሚባለውን እንውሰድ። በዓለም ዙሪያ ቤት ውስጥ በብዛት ከሚያድጉት እባቦች አንዱ ነው፤ ምግብ በመተውም ስመ ጥር ነው። የዘንዶ ዘመድ ሆኖ ትንሽ ነው። ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ይሆናል። አገሩ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ የተዘረጋው ሞቃት የአፍሪካ ክፍል ነው። የሚኖርበት ሣጥን አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 27። ሌሊትም ከ24 ዲግሪ ባይወርድ ጥሩ ነው።

አሁን ሱሉልታን አስቡ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከዚያም ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። በበጋው ወራት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀን ፀሐይ ቢወጣም የብሎኬት ቤት ውስጡ ቶሎ አይሞቅም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ፀሐይዋ ራሷ ትጠፋለች። እኛ ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን። ለእባብ ግን ጋቢ ቢደረብለት ጥቅም የለውም። ጋቢ የሚያሞቀን ከራሳችን የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ነው፤ እባብ ደግሞ ከራሱ የሚያወጣው ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። ሣጥኑ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው «አሞቅነው» የሚሉ ሰዎች ያላዩት ይህንን ነው። መጀመሪያ የሙቀት ምንጭ ያስፈልጋል። ብርድ ልብሱ ከዚያ በኋላ ነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገራችን ሰው። ብርድ ሲመጣ እኛን ሥጋ ያምረናል። እባብ ተቃራኒው ነው፤ ሲበርደው አፉን ይዘጋል። የዋጠው አይጥ በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። ይበሰብሳል። የበሰበሰውን መልሶ ይተፋዋል፤ መትፋቱ ደግሞ ጉሮሮውን ይጎዳዋል፣ ውኃ ያሳጣዋል፣ ባስ ሲልም ይገድለዋል። ስለዚህ በርዶት አልበላም ያለ እባብ ራሱን እየጠበቀ ነው። በዚህ ጊዜ አይጡን ከመቀያየር ሣጥኑን ማሞቅ ይቀድማል።

ሙቀቱን በምን እናውቃለን? በእጅ አይሆንም። የእጃችን ግምት ያታልላል። ሁለት ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው። መለኪያው የሚቀመጠው እባቡ በሚተኛበት ወለል ላይ ነው። ክዳኑ ሥር የሰቀላችሁት ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ ስለ ክዳኑ ነው።

ማሞቂያውስ? አሁን በየሱቁ ያለው ኤል ኢ ዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት አይሰጥም። ዶሮ አርቢዎች ጫጩት የሚያሞቁበት ቀዩ አምፖል ይሠራል። ግን ብርቱ ነው፤ ለትንሽ ሣጥን ይበዛል። ከላይ ከፍ ብሎ በወንፊት ሽቦ ተከልሎ መሰቀል አለበት። እባብ የሚያቃጥለው ነገር ላይ ተጠምጥሞ ዝም ሊል ይችላል፤ ሳይሸሽ ቆዳው ተቃጥሎ ይገኛል። ከሣጥኑ ሥር የሚነጠፍ ማሞቂያም አለ። የትኛውንም ብትጠቀሙ ያለ ቴርሞስታት አትሰኩት። ቴርሞስታት ማለት የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱ የሚያጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ነው። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን የሚሠሩ ሰዎች የሚገጥሙት ትንሹ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ይኼው ነው።

የሚሞቀው የሣጥኑ ግማሽ ብቻ ይሁን። እባብ የሚስማማውን ሙቀት የሚመርጠው ከቦታ ቦታ እየሄደ ነው። ሁሉም ቦታ ከሞቀ መሸሻ ያጣል፤ ያም ራሱ ምግብ ያስተወዋል። ሣጥኑም ከመስታወት ይልቅ ከኮምፔንሳቶ ቢሠራና ፊቱ ብቻ መስታወት ቢሆን ይመረጣል። ከላዩ ወንፊት የሆነ የዓሣ መስታወት ለእኛ አገር ደጋ አይሆንም። ያሞቃችሁት አየር ሁሉ በላይ በኩል ይወጣል።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ከሰል አታንድዱለት። በተዘጋ ክፍል የነደደ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ እናንተንም ይገድላል። የዕጣን ጢስም ቢሆን ከሣጥኑ ራቅ ይበል። ቡና የሚፈላው ሳሎን ከሆነ እባቡ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

መብራት ሲጠፋስ?

ይሄ የዳር ከተማ ነዋሪ ሁሉ ጥያቄ ነው። አንድ ሌሊት ቢቀዘቅዝበት ያደገና ጤነኛ እባብ ወዲያው አይሞትም። ትልቁ አደጋ በልቶ ሳይፈጭ መብራት ሲሄድ ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ መብራት እየመጣ እየሄደ በሚያስቸግርበት ሳምንት ባታበሉት ይሻላል። ሳይበላ ቢከርም ምንም አይሆንም።

ለመጠባበቂያ ሁለት ሦስት ሃይላንድ በቂ ነው። ሙቅ ውኃ ሙሉበት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንዱ ጥግ አስቀምጡ። የፈላ ውኃ አይሁን፤ ፕላስቲኩም ይጨማደዳል፣ እባቡም ይቃጠላል። ብርድ ልብሱ ሥራ የሚያገኘው አሁን ነው። የሞቀውን ሣጥን ከውጭ ሸፍኑት፤ አየር መግቢያ ግን ተዉለት።

ሣጥኑ ሞቋል፤ አሁንም አይበላም

እንግዲያው ፈርቶ ይሆናል። አብዛኞቹ ትንንሽ እባቦች አዳኝ ብቻ አይደሉም፤ የሚታደኑም ናቸው። ጭልፊቱም፣ ፋሮውም፣ ሰውም ይፈልጋቸዋል። በሚበሉበት ጊዜ ደግሞ አፋቸው ተይዟል፣ መሸሽም መንከስም አይችሉም። ስለዚህ ያልተደበቀ እባብ አይበላም።

መደበቂያ ማለት ጠባብ ነገር ነው። ሰውነቱ ተጠምጥሞ ሲገባ ዙሪያው የሚነካው መሆን አለበት። የጫማ ካርቶን ተቆርጦ ይበቃል፤ የተሰበረ የሸክላ ድስት ቢደፋም ያምራል። ሁለት ያስፈልጋል፤ በሞቃቱም በቀዝቃዛውም በኩል። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን እንዲመርጥ ታስገድዱታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው መደበቅን ነው፤ ከዚያም እየበረደው ይቀመጣል።

ቀጥሎ እንግዳ መቀነስ ነው። እባብ ያለበት ቤት የሰፈር ልጅ አይታጣበትም። ዘመድ ሲመጣ «እስቲ አምጣው፣ ቪዲዮ እንቅረጽ» ይባላል። አዲስ የመጣ እባብ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ማንም ሊነካው አይገባም። ውኃ ቀይሩለት፣ በተረፈ ተዉት። ከበላ በኋላም ለሁለት ቀን አይነሳ። ሣጥኑ የሚቀመጥበት ቦታም ይታሰብበት። እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም ንዝረት በመንጋጋው በኩል ይሰማዋል። የሚደበደብ የብረት በር አጠገብ፣ ጄኔሬተር ያለበት ግድግዳ ሥር ወይም ትልቅ ስፒከር ጎን አይሆንም።

የቀረበለት ምግብ የእሱ ምግብ ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እባብ ሁሉ አይጥ የሚበላ የሚመስለው ሰው ግን ብዙ ነው። እንቁላል ብቻ የሚበላ እባብ አለ፤ በአገራችንም ይገኛል። ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል። የወፍ እንቁላል ሙሉውን ይውጥና በአከርካሪው ላይ ባሉ ሹል አጥንቶች ይሰብረዋል። ፈሳሹን ያወርዳል፣ ቅርፊቱን አጣጥፎ ይተፋል። መልኩ እፉኝት ስለሚመስል በየቦታው ይገደላል። ለዚህ እባብ አይጥ ብታቀርቡለት እስከ ሞቱ ድረስ አይነካውም። በደጋው ደግሞ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለውን ዘመዱን ብቻ እየለቀመ የሚኖር ትንሽ እባብ አለ። ለእሱም አይጥ ምግብ አይደለም።

አይጥ በሊታ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ የአይጡ ነገር ይመጣል። ከግቢ በወጥመድ የተያዘ አይጥ አትስጡት። በየመንገዱ የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ የቀመሰ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ቀናት ሊቆይ ይችላል። መርዙን ተሸክሞ እባባችሁ ሆድ ይገባል። ከመርዙ ሌላም የሆድ ትላትል ያመጣል። ነጭ አይጥ ራስ ማርባት ይሻላል። ሽታ አለው፣ ሥራም አለው፤ ግን ምን እንደበላ ታውቃላችሁ።

ጫጩትስ? ቢሾፍቱ አካባቢ ዶሮ እርባታ በብዛት አለ። የእንቁላል ዶሮ በሚፈለፈልበት ቦታ ወንዱ ጫጩት ብዙም አይፈለግም። ድርጭት የሚያረቡም አሉ። እባቡ አይጥ እምቢ ሲል የወፍ ሽታ አንዳንዴ አፉን ይከፍተዋል። ሆኖም ጫጩት የለመደ እባብ ወደ አይጥ መመለስ ያስቸግረዋል። የአንድ ቀን ጫጩት አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ እንደ ሙሉ አይጥ አይገነባም። ለመክፈቻ ይሁን፤ ለዘወትር አይሁን።

የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ወፍራም ክፍል ብዙ መብለጥ የለበትም። ስታመነቱ ትንሹን ምረጡ።

አሁን ደግሞ አቀራረቡ። የሞተ አይጥ ይሻላል። አይጥ ጥርስ አለው፤ ያልራበው እባብ ጋር በሕይወት ተዘግቶበት ያደረ አይጥ እባቡን ራሱን ሊበላው ይጀምራል። የምር ነው፤ ጀርባቸው እስከ አጥንት የተበላ እባቦች አሉ። ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አይጥ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ። ከዚያ በፌስታል አድርጋችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆዩት፤ 38 ዲግሪ ያህል ይድረስ። ፓይተኖች ከንፈራቸው ላይ ሙቀት የሚያዩባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሏቸው። ቀዝቃዛ አይጥ ለእነሱ እንደ ምግብ አይታይም። ሽታውንም የሚይዙት በምላሳቸው ነው፤ ስለዚህ ደረቅና ሞቃት ሆኖ ይቅረብ። በእጅ አትያዙት። ረጅም መቆንጠጫ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ እጃችሁ የአይጥ ሽታና ሙቀት ይዞ ይቀርባል።

ሰዓቱ ምሽት ነው። መብራቱን ቀንሱ። አይጡን ከመደበቂያው ደጃፍ አስቀምጡና ውጡ። በመስታወቱ እያፈጠጣችሁ አትጠብቁ። እስከ ጠዋት ካልነካው አውጡና ጣሉት። ቀጣዩ ሙከራ ከሳምንት ወይም ከ10 ቀን በኋላ ነው። በየቀኑ ማቅረብ ጭንቀቱን ያባብሳል እንጂ አያስርበውም።

ጤነኛ ሆኖ የሚጾምበት ጊዜ አለ?

አለ። ቆዳ ሊቀይር ሲል ዓይኑ ሰማያዊ ደመና ይለብሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። በዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ብዙዎቹ አይበሉም። ቆዳው ከወለቀ በኋላ ይራባሉ። ሣጥኑ በማሞቂያው ደርቆ ቆዳው ቁርጥራጭ ሆኖ ከወጣ እርጥበት ይጎድለዋል። ሰፋ ያለ የውኃ ሳህን አስገቡለት።

ለመራባት የደረሰ ወንድ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ምግብ ሊተው ይችላል። እንቁላል የያዘች ሴትም እንዲሁ። ዘንዶ እንቁላሏን ታቅፋ በምትጠብቅበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አትበላም። ክብደቱ ካልወረደ ይህ ሁሉ በራሱ ያልፋል።

በሽታ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሚዛን። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። እባቡን ክዳን ባለው ቀላል ዕቃ አስገብታችሁ በየሁለት ሳምንቱ መዝኑ፣ ጻፉት። ስንት ቀን ሳይበላ ቆየ ከሚለው ቁጥር ይልቅ የክብደቱ ቁጥር ይታመናል። 1,200 ግራም የነበረ እባብ 1,150 ላይ ቢሆን ታገሡ። ወደ 1,080 ከወረደ፣ ማለትም አንድ አሥረኛውን ካጣ፣ ሐኪም ያስፈልገዋል። ገና ትንሽ እባብ ከሆነ ይህን ያህል አይጠበቅም፤ ስንቁ ትንሽ ነው።

ሚዛን ሳይጠብቁ የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ። አፉን ከፍቶ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ማፏጨት፣ በአፍንጫው አረፋ ወይም ንፍጥ ማየት የሳንባ ሕመም ነው። ብርድ ባለበት አካባቢ ይህ ብዙ ይከሰታል። ድዱ ቀልቶ ነጭ አይብ የሚመስል ነገር ከያዘ አፉ ቆስሏል፤ አፉ የታመመ እንዴት ይብላ? የበላውን ደጋግሞ መትፋት፣ መሐል ሆዱ ላይ ያበጠ ነገር፣ ራሱን ማዞር ወይም ወደ ላይ አንጋጦ መቅረት፣ በቅርፊቱ መካከልና በውኃው ሳህን ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ጥቁር ተባዮች፤ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮ አይሰጣቸውም።

የት ይወሰዳል? አብዛኛው የእንስሳት ሐኪማችን የሚያውቀው ከብትን፣ ዶሮንና ውሻን ነው። ያ ነውር አይደለም፤ እባብ ይዞ የሚመጣ ሰው ስንት ነው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው። የትም ብትሄዱ አስቀድማችሁ ስለ እባብ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ጠይቁ። የክብደቱን መዝገብ፣ የሣጥኑን የቀንና የሌሊት ሙቀት፣ ከተገኘም ትኩስ ዓይነ ምድሩን በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። እባቡን በትራስ ጨርቅ አስገብታችሁ ቋጥሩት፣ ከዚያ ክዳን ባለው ሣጥን አድርጉት። በታክሲ ከሆነ ለሾፌሩ አስቀድማችሁ ንገሩት። መንገድ ላይ ከሚያውቅ ይሻላል።

እጃችሁን ታጠቡ። እባቦች ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይይዛሉ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅና ነፍሰ ጡር ሴት ባይነኩት ይመረጣል። ሣጥኑም፣ ሳህኑም ወጥ ቤት አይታጠብ።

አስገድጄ ላጉርሰው?

አይሆንም። ማጉረስ ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለእባብ ግን ጉሮሮውን መቅደድ ሊሆን ይችላል። ምግቡ ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላል። ከዳነም ከምግብ ጋር የሚያያይዘው ፍርሃትን ነው። በቱቦ መመገብ የሚባል ነገር አለ፤ የሐኪም ሥራ ነው፣ ያውም ሌላው ሁሉ ካልሠራ በኋላ።

ከሜዳ የተያዘ ከሆነስ?

የከተማው ዳር እየሰፋ ነው። መሠረት ሲቆፈር፣ ድንጋይ ሲነሳ እባብ ይወጣል። አንዳንዱ ወጣት ከመገደል አድኖት በካርቶን ይዞት ቤት ይገባል። ልቡ ቅን ነው። እባቡ ግን አይበላም፤ ከሜዳ የተያዘ እባብ በእስር ላይ ምግብ መተው ልማዱ ነው። ውስጡ በትላትል የተሞላ ሊሆን ይችላል፣ ዓይነቱም አይታወቅም፣ መርዛማም ይሆናል። ለይታችሁ የማታውቁትን እባብ አትያዙ፤ ከያዛችሁም ምግብ ፍለጋ አትድከሙ።

ሕጉም አለ። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይያዝም፣ አይሸጥም። ፈቃድ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ዘንዶዎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ቦል ፓይተንም ወረቀት ያስፈልገዋል። የአገራችንን ትልቁን ዘንዶ ደግሞ ቤት ውስጥ አሳድጋለሁ ማለት ከሕጉም በፊት ከአቅም በላይ ነው፤ ከአራት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ የቆላ ፍጥረት ነው። በእጃችሁ የገባ የዱር እባብ ካለ ለባለሥልጣኑ አሳውቁ።

በመጨረሻ በላ! ከዚያስ?

ደስታችሁ ይገባኛል። ግን «ተርቦ ከርሟል» ብላችሁ ትልቅ አይጥ አትደግሙለት። ለወራት ባዶውን የሰነበተ ሆድ ገና እየተነሳ ነው። የመጀመሪያው ምግብ ከለመደው ግማሽ ያህል ይሁን። ሙቀቱን በእነዚያ ቀናት ደጋግማችሁ እዩ። አታንሱት። ዓይነ ምድር እስኪያወጣ ጠብቁ፤ ካልሆነም ቢያንስ 10 ቀን ይለፍ። ሁለተኛውም ትንሽ ይሁን። ሦስተኛውን ካልተፋው ወደ ድሮው መጠን መመለስ ይቻላል።